ለፀሐይወርቅ የተጠቀለለው ጉርሻ

አበባ ጎመን ፈጭቶ «ሩዝ ነው» የሚለኝን ሰው አላምንም። ሩዝ አይደለም። እርጥብ ካልሲ የሚሸት ነጭ ፍርፋሪ ነው። ይህን በወሬ ሰምቼ አይደለም የምናገረው፤ ዓመት ከምናምን ምሳዬ እሱ ነበር። ያስለመደችኝ ደግሞ ፀሐይወርቅ ናት፤ መካኒሳ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ካሉት የቆርቆሮ ሱቆች በአንደኛው የሐበሻ ቀሚስ የምትጠልፈው። ልጽፍ የተነሳሁት ስለ እሷ ነው። ግን ስሟ በተነሳ ቁጥር አስቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ሽታ ስለሆነ ከሽታው ጀመርኩ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

እኔ ገዲሴ እባላለሁ። ከእሷ ሱቅ በስተግራ ባልዲ፣ ሳፋና ጆግ እሸጣለሁ። በስተቀኟ ዙሌካ አለች፤ ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ የምትቸረችር የስልጤ ሴት። ሦስታችንን የሚለየን ስስ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ አንዷ ስታስነጥስ ሁለታችን «ይማርሽ» እንላለን።

ፀሐይወርቅ ከደብረ ታቦር የመጣችው በልጅነቷ ነው። ባሏ ሲሞት ሚሳኤል የሚባለው አንድ ልጇ ገና ዳዴ ይል ነበር። በመርፌ አሳደገችው፣ በመርፌ አስተማረችው። ከብስራተ ገብርኤል በመኪና የሚመጡ ሴቶች ቀሚሷን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መስታወት ፊት ሲሽከረከሩ እሷ በርጩማዋ ላይ ሆና ፈገግ ትላለች። በዚያ ፈገግታ ስንት ጊዜ አንጀቴ ቅጥል ብሏል! ዝናቡ በቆርቆሮው ቀዳዳ ሲያፈስባት «ጥሩ ነው እኮ፣ አቧራውን ያጠፋልናል» የምትል ሴት ናት። ደንበኛ ስትዘልፋት «ጥሩ ነው እኮ፣ የልቧን ተናገረች» ትላለች። ሰው እንዴት ምንም ነገር አያስጠላውም? እኔን ሁሉም ነገር ያስጠላኛል። ከሁለታችን ጤነኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ነው የማምነው።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የሙሽራ ቀሚስ ነው። አረንጓዴ ይሁን የተባለውን የአንገት ጥልፍ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ክር ጨረሰችው። የቀሚሱ ባለቤት መጥታ ስትጮህ ፀሐይወርቅ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «አረንጓዴ ነው እኮ» አለች። ያኔ ነው እኔና ዙሌካ እርስ በርስ የተያየነው።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ስንወስዳት በሁለቱም ዓይኖቿ ላይ ሞራ እንዳለ፣ ስኳሯም ጣራ እንደነካ ተነገረን። ሐኪሙ «ሞራውን አወጣልዎታለሁ» አላት። «ግን ስኳርዎ እንዲህ ሆኖ ዓይንዎን አልነካም። ቁስሉ ቢያመረቅዝ ዓይኑን ልናጣው እንችላለን።» ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጣት፤ ሁለቱንም ጊዜ ጣቷን ወግተው ቁጥሩን አዩና መለሷት። በሁለተኛው ነርሷ እቅጩን ነገረቻት፤ አንድ ጊዜ ደግማ ከተመለሰች ወረፋው ጭራ ላይ ነው የምትገባው፣ ወረፋው ደግሞ ከዓመት በላይ ነው። እስከዚያ ፀሐይወርቅ መርፌ ይቅርና የሱቋን በር የምታይ አትመስልም ነበር። ከመርፌዋ ሌላ ደግሞ መተዳደሪያ የላትም።

መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች። ያቃታት እንጀራው ነው። «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንች፣ ጣፋጭ ነገር ይቀንሱ» ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። በእኛ ሰፈር እንጀራ ያልበላ ሰው ምሳ እንደበላ አይቆጠርም። ጎመን በላሁ ስትል «በምን?» ይሉሃል። በምንም! ጎመን በጎመን! ይህን ለሰው ማስረዳት ከበሽታው ይብሳል።

እኔም ስኳር አለብኝ፤ እስካሁን በክኒን የሚታለል። ዙሌካ ደግሞ ጉልበቷ ክብደቷን አልሸከምም ብሏታል። አብረን እንብላ ያለችው እሷ ናት። «ለብቻ ሲሆን እጅ አያርፍም» አለች። «አንድ ላይ ከሆንን ቢያንስ እንተፋፈራለን።» ተስማማን። ምሳ በየተራ ይሠራል፣ የሚበላው በፀሐይወርቅ ሱቅ ነው፣ እንጀራ በሩን አያልፍም። የእነ ዙሌካን ሥጋ እኔና ፀሐይወርቅ አንበላም፣ የእኛን እሷ አትበላም፤ ስለዚህ ሥጋም ቀረ። ረቡዕና ዓርብ ለእኛ ጾም ነውና እንቁላልም አይብም የለም። እስቲ አስቡት፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ፍየል የምትቀነጥበው ብቻ ነው።

የዙሌካ ጎመን በአይብ ይበላ ነበር፣ ውሸት አልናገርም። የፀሐይወርቅ ተራ ሲደርስ ግን ከጠዋት ጀምሮ ሱቄን ዘግቼ የምጠፋበትን ሰበብ እፈልጋለሁ። ሚሳኤል ስልኳ ላይ ምግብ የምታስተምር ሴት ከፍቶላት ነበር፤ እሷ ያለችውን ሁሉ ታደርጋለች። ተልባ ፈጭታ ለውሳ ቂጣ ብላ ታመጣለች፤ ስትቆርሰው እንደ ጉንፋን ንፍጥ ይለጠጣል። አቮካዶ ያለ ስኳር በሚጥሚጣ ታቀርባለች፤ እጅ መታጠቢያ ሳሙና በሉት። የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ቋጥራ ጠዋት ታመጣና በዚያ በጋለ ቆርቆሮ ሥር እስከ ምሳ ታቆየዋለች። አንድ ጊዜ ደንበኛ ገብታ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች፤ እኔ ነኝ ብላ ያሰበች ይመስለኛል። ፀሐይወርቅ ደህና ስለማታይ በጣቷ ትዳስስና ትጎርሳለች፤ ከዚያ ያንኑ ቃሏን ትላለች።

«ጥሩ ነው እኮ።»

«ምኑ ነው ጥሩው? ምኑ?» እላታለሁ።

«ከእናንተ ጋር ነዋ የምበላው» ትላለች። ይሄ ደግሞ ከተልባው በላይ ያንገሸግሸኝ ነበር።

በዚህ ላይ የሰው ምክር አለ። ዋናዋ መካሪ የሟች ባሏ እህት እትዬ ክብረት ናቸው። በሃይላንድ ኮዳ የተጨመቀ ግራዋ ይዘው ይመጣሉ፣ ፊቷ ቆመው ሲያስጨልጧት የእኔ ጉሮሮ ይመራል። ከዚያ ከዘንቢላቸው እንጀራ ያወጣሉ። «ይሄ ጥቁር ጤፍ ነው፣ መድኃኒት ነው» ይላሉ። አንድ ቀን በጥቁር ጤፍ የተጠቀለለ ጉርሻ አፏ ውስጥ ከተው፣ በማግሥቱ ጠዋት ጣቷን ስወጋ የስኳር መለኪያ መሣሪያዬ ያሳየኝን ቁጥር አይቼ ደሜ ፈላ። ለእትዬ ክብረት የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ ለእኔም ተመችቶኛል።

ቁጥሩ ግን ወረደ። በዚያ በሚቀፍ ምሳ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሳንከፍት እኔ የእሷን ጣት እወጋለሁ፣ ዙሌካ የእኔን፤ ካልወረደ ሦስታችንም እናኮርፋለን፣ ከወረደ ፀሐይወርቅ ታጨበጭባለች። በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ሐኪም ቤቱ ደወለ። ሰኞ ትምጣ ተባለ። እኔና ዙሌካ እልል ልንል ስንል ፀሐይወርቅ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለች።

«ቅዳሜ የሚሳኤል ሠርግ ነው» አለች። «እሑድ መልስና ቅልቅሉ ተደርቦ ጎፋ፣ ማርቲ ቤት።»

ማርቲ ሙሽራዋ ናት። ቅዳሜ አያስፈራም፤ አዳራሽ ነው፣ ቡፌ ነው፣ ሰው የራሱን ነው የሚያነሳው። እሑድ ግን የሙሽራዋ ቤተሰብ ግቢ፣ ድንኳን ውስጥ ነው፣ አዲስ አማቾች ገና የሚተዋወቁበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የወንዱን እናት የማያጎርስ ዘመድ የለም። የተዘረጋ ጉርሻ አልቀበልም ማለት ደግሞ እጃቸውን መምታት ነው።

«ስኳር አለብኝ በያቸው፣ በቃ» አልኳት።

«አልልም። በመጀመሪያ ቀን ልጃችን የታመመ ቤት ገባች ይበሉ? ሚሳኤልም ይወርሰዋል ብለው ይሰጉበት?»

«እና ሲያጎርሱሽ?»

«ማንንም አልመልስም፣ ገዲሴ። ልጃቸውን የሰጡኝ ሰዎች ናቸው።»

ዘዴውን ያመጣችው ዙሌካ ናት። «የተጠቀለለ ጉርሻ ተመልሶ ሳህን አይገባም አይደል? ግን የግድ የእሷ አፍ ውስጥ ነው የሚገባው ያለ የለም። ግራና ቀኝ እንቀመጣለን፣ የመጣውን እየቀደምን እንጎርስላታለን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ የጾሙን እወስዳለሁ። የሥጋው ያንቺ ነው።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኔ ጉርሻ አልወድም። አልወድም ማለት ይቅርና ሳየው ይቀፈኛል። የሰው አውራ ጣት ከንፈሬን ሲነካው፣ ቀለበቱ ሥር የተጠራቀመው ቅባት ሲታየኝ፣ ከዚያ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያሉ መንጋጋዬን ሲፈለቅቁት፣ ወይ መሞት ወይ መግደል ነው የሚያምረኝ። የገዛ እናቴን እንኳ አጉርሻት አላውቅም። ቤተሰቤ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ትቶኛል። ዙሌካም ታውቃለች፤ አውቃም ነው የፈረደችብኝ።

እሑድ ጠዋት ጣቷን ወጋሁ። ሐኪሙ ካለው ልክ ጫፍ ላይ ናት፤ ትንሽ ብትገፋ ታልፋለች። ጎፋ ደርሰን ድንኳኑ ውስጥ ለክብር ወደ ፊት ስንጋበዝ እኔ በግራዋ፣ ዙሌካ በቀኟ ተቀመጥን። ለእስላም የተለየ ምግብ ያለው በወዲያኛው ድንኳን ነው እየተባለች ዙሌካ ተለመነች፣ ንቅንቅ አላለችም። «ጓደኛዬ ሳትበላ አልበላም» አለቻቸው። አስተዋይ ሴት ናት ብለው አመሰገኗት።

መጀመሪያ የመጡት የሙሽራዋ አክስት ናቸው። ክትፎ በእንጀራ ጠቅልለው፣ እላዩ ላይ አይብ ለጥፈው፣ ክንዳቸውን ዘረጉ። ፀሐይወርቅ አፏን ስትከፍት እኔ አንገቴን አስግጌ ቀለብኩት። «ይቺስ የእኔ ናት!» ብዬ ሳቅኩ። አፌ ጉርሻ እንደሞላ ነው የሳቅኩት። ሴትየዋ ደነገጡ፣ ከዚያ ለጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። ሁለተኛውን ጠቀለሉ፤ ቀለብኩ። ሦስተኛውን፤ ቀለብኩ። አጎት መጣ፣ ጣቶቹ ሲጋራ ይሸታሉ፤ ቀለብኩ። የሙሽራዋ ክርስትና እናት መጡ፣ ጥፍራቸው የተቀባው ቀለም ተፈቅፍቋል፣ የተፈቀፈቀው የት እንደገባ እያሰብኩ ቀለብኩ። ሽሮና ምስር የያዘ ሲመጣ ዙሌካ ትቀድማለች፣ ግን በሠርግ ቤት ሽሮ የሚያጎርስ ስንት ሰው አለ? ሁሉም ሥጋ ነው። ሁሉም ለእኔ ነው።

ወዲያው ሹክሹክታው ተሰማኝ። «ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው?» «ተርባ ከርማ ነው?» «የሰው ጉርሻ ከአፉ ትነጥቃለች እንዴ!» እትዬ ክብረት ከማዶ ሆነው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፊቴ ጋለ። ቅቤው ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፣ የሰው ሁሉ ጣት ምላሴ ላይ ያለ ይመስለኛል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ፀሐይወርቅ ጎኔ ሆና ፈገግ ማለቷ ነበር።

ከዚያ ሙሽሮቹ ተነሱ። ካሜራው ከኋላቸው፣ እልልታው ከፊታቸው። ሚሳኤል ሳህኑን ይዟል፣ ማርቲ ጠቅልላለች፤ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ፣ የጎረምሳ ቡጢ የሚያህል። «እማዬ» አለቻት፤ ገና የመጀመሪያዋ «እማዬ» ናት። ይህን አልቀልብም። ማን ይቀልባል? ዙሌካን አየኋት፣ እሷም ዓይኗን ሰበረች። ፀሐይወርቅ አፏን ከፍታ ተቀበለች። ካሜራው በራ። ሕዝቡ «ድገሚያት! ሦስት ነው!» አለ፤ ልጅቷም ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።

ፀሐይወርቅ አላኘከችም። ጉንጯ ተወጥሮ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወደ እኔ ዞረች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ምን እንደምትፈልግ ገባኝ፤ ምነው ባልገባኝ ኖሮ። እጄን በነጠላው ሥር ሰደድኩ። ሙቅ፣ እርጥብ፣ የራሰ ነገር መዳፌ ላይ ዱብ አለ።

ምራቋ ነው። ወጡ ነው። ግማሽ እንቁላል አስኳል ነው። ጨበጥኩት። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛውም መጣ፣ በተመሳሳይ መንገድ ወደ እጄ ገባ። ጣቶቼ መሃል ጭቃ ሆኖ ይሾልካል። መጣያ የለም፣ እህል መሬት ላይ አይጣልም፣ ሰው ሁሉ እኛን ነው የሚያየው። በዚያች ሰዓት ከልቤ ጠላኋት። እግዜር ይየው፣ ስኳርሽም ዓይንሽም ገደል ይግባ አልኩ በሆዴ። እጄን ግን አልከፈትኩም።

ከዚያ ከበሮ ተመታ። እትዬ ክብረት፣ ከእሳቸው የማልጠብቀው ነገር ነው፣ መጥተው በክንዴ ጎትተው አስነሱኝ። ሁሉም እጁን ዘርግቶ ሲጨፍር እኔ ግራ እጄን ጨብጬ ትከሻዬን ብቻ እነቀንቃለሁ። ቀዩ ወጥ በእጅ አንጓዬ በኩል ወደ ክርኔ ወረደ።

«ምነው፣ ደማሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ቆረጠኝ» አልኳቸው፣ እና ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ።

ሽንት ቤቱ ሰልፍ አለው። ከሰልፉ መጨረሻ ቆሜ ቦርሳዬን ከፍቼ ጨመርኩት። ያ ቦርሳ እስከ ዛሬ ድረስ ክረምት ሲመጣ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይላል።

ወደ ቤት የተመለስነው በታክሲ ነው። ፀሐይወርቅ እጄን ፈልጋ አገኘችው። ለልጇ ሠርግ ብላ፣ በዚያ ደካማ ዓይኗ እየዳበሰች የጠለፈችውን ነጠላ ጫፍ በውሃ አርሳ ጣቶቼን አንድ በአንድ ጠረገችልኝ። ጥልፉ ቀይ በቀይ ሆነ። ጥሩ ነው እኮ አላለችም። ዙሌካ ወደ መስኮት ዞራ አፍንጫዋን ትጠርግ ነበር። ማታ የራሴን ስኳር ለካሁ፤ ያየሁትን ለማንም አላሳየሁም።

ሰኞ ነርሷ ጣቷን ስትወጋት ሦስታችንም መሣሪያው ላይ አፈጠጥን። ነርሷ አየችው። ደግማ አየችው። «ልብስ ይቀይሩ» አለቻት። ዙሌካ ግድግዳውን ተደግፋ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ እኔ የሐኪም ቤቱ ሽታ አስመለሰኝ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ።

በሳምንቱ ሱቋ ተመለሰች፤ የተሠራላት ዓይን ቀላ ብሎ ያያል፣ ሁለተኛው ወረፋውን ይጠብቃል። ምሳ ሰዓት ሆነ። የእኔ ተራ ነበር፤ ስንፍና ይዞኝ የእሷኑ አበባ ጎመን ፈጭቼ፣ ተልባውን ለውሼ፣ እንቁላሉንና ጥቂት የጎመን ቅጠል ቀቅዬ አመጣሁ። ክዳኑን ከፈትኩት። ፀሐይወርቅ እጇን ልትሰድድ ብላ ቆም አለች። ጎንበስ ብላ አየችው። ነጩን ፍርፋሪ፣ የሚለጠጠውን ቡኒ ነገር፣ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ያወጣውን እንቁላል ለረጅም ጊዜ አየችው።

«ይሄን ነው ስንበላ የከረምነው?» አለች።

«ይሄንኑ።»

«ውይ! ያስጠላል እኮ!» ብላ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ዙሌካ በሳቅ ወደቀች። እኔ አልሳቅኩም። ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ቃል ነው፤ ሲደርስ ግን እንባ ነው የመጣብኝ። ከጎመኑ ሰፋ ያለውን ቅጠል አነሳሁ፣ ያን አስቀያሚ ፍርፋሪ መሃሉ አድርጌ በእነዚህ ጣቶቼ ጠቀለልኩና ወደ አፏ ዘረጋሁ።

«በሞቴ» አልኳት።

ፀሐይወርቅ መጀመሪያ እጄን አየች፣ ከዚያ ፊቴን። ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። አኘከች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ ዋጠችው።

«ጨው የለውም» አለች።